በሥራ ቦታ ብዝኃነትን፣ ፍትሐዊነትንና አካታችነትን ስለ መገንባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ከሥራ አስኪያጆች፣ ከሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያዎችና ከሠራተኞች ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ በአንድ አመለካከት ላይ ቆመዋል፦ አድልዎ ክፉ ሰው በሌለበት መሥሪያ ቤትም ይኖራል፤ የሚኖረውም ማንም ልብ በማይላቸው የዕለት ተዕለት ውሳኔዎች ውስጥ ስለሆነ፣ የሚታረመው እነዚያኑ ውሳኔዎች አንድ በአንድ እያነሡ በመመርመር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ወይስ አንዱን ነገር በሦስት ስም መጥራት ነው?

የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ተሟልቶ ሌላው ሊጎድል ይችላል። ብዝኃነት የስብጥር ጉዳይ ነው፤ በጾታ፣ በዕድሜ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በቋንቋ፣ በአካል ጉዳት፣ በትምህርትና በኑሮ ደረጃ የሚለያዩ ሰዎች በድርጅቱ ውስጥ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን በየትኛው እርከን ላይ እንደሚገኙም ይመለከታል። ከሠራተኞቹ ግማሾቹ ሴቶች ሆነው ከኃላፊዎቹ መካከል አንዲት ሴት የማትገኝበት መሥሪያ ቤት ብዝኃነት አለኝ ቢል የሚያምነው አይኖርም። ፍትሐዊነት የአሠራር ጉዳይ ሲሆን፣ ቅጥር፣ ዕድገት፣ ደመወዝና የሥራ ምደባ ሁሉ ለሁሉም በሚታወቅና በሚያሳምን መስፈርት መፈጸማቸውን ይጠይቃል። አካታችነት ደግሞ የተቀጠረው ሰው ከተቀጠረ በኋላ የሚገጥመው ኑሮ ነው፦ ሐሳቡ ይሰማል ወይ፣ መረጃ በጊዜው ይደርሰዋል ወይ፣ ስሕተት ሲያይ ሳይፈራ ይናገራል ወይ።

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ፍትሐዊነትና እኩል አያያዝ ነው። ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት የታተመ መመሪያ ማደል እኩል አያያዝ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ባልደረባ ግን ያ ወረቀት ምንም አያደርግለትም። ያው መመሪያ የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር ሊያነበው በሚችል ፋይል ሲላክለት፣ ከሌሎቹ የበለጠ ነገር ተሰጠው ማለት አይደለም፤ ሌሎቹ ያገኙትን አገኘ እንጂ።

እኛ የምንቀጥረው በችሎታ ብቻ ነው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልገናል?

ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በቅንነት የሚቀርብ ስለሆነ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። በችሎታ መቅጠር ትክክለኛ መርሕ ነው፤ የሚያጠያይቀው ችሎታን የምንለካበት መንገድ ችሎታን ብቻ ይለካል ወይ የሚለው ነው። ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች 5,000 ገደማ ለጥናቱ የተፈጠሩ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። ለማመልከቻዎቹ ስም የተሰጣቸው ከትምህርትና ከሥራ ልምድ ጋር ሳይያያዝ በዕጣ ነበር፤ ከፊሎቹ የነጮች፣ ከፊሎቹ የጥቁር አሜሪካውያን ተብለው የሚታወቁ ስሞችን ያዙ። የነጭ ስም የያዙት ማመልከቻዎች ከቀጣሪ ጥሪ የማግኘት ዕድላቸው 50 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። እነዚያን ማመልከቻዎች ያጣሩት ሰዎች ቢጠየቁ አብዛኞቹ «የምንመርጠው በችሎታ ነው» ብለው በሙሉ ልብ ይመልሱ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

አድልዎ ከዚህም በተለየ መንገድ፣ ለሁሉም እኩል በሚሠራ መስፈርት በኩል ሊገባ ይችላል። ዱክ ፓወር የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በነበረው አንድ ጣቢያ ጥቁር ሠራተኞችን የሚመድበው ዝቅተኛ ደመወዝ በሚከፈልበት የጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። ይህን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ በ1965 ተፈጻሚ ሲሆን፣ ኩባንያው ወደ ተሻሉት ክፍሎች ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃንና አጠቃላይ የጽሑፍ ፈተናዎችን መስፈርት አድርጎ ያዘ። መስፈርቱ በጽሑፍ ሲታይ ዘርን አይጠቅስም፤ በእነዚያው ክፍሎች ያለ ማስረጃ የገቡ ነባር ሠራተኞች ግን ሥራቸውን በሚገባ ይሠሩ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግሪግስ የተባለ ሠራተኛ ከሌሎች ጋር ኩባንያውን በከሰሰበት ጉዳይ በ1971 በሰጠው ፍርድ፣ አንድን ወገን የሚያገልና ከሥራው ጋር ግንኙነት እንዳለው ያልተረጋገጠ መስፈርት፣ ቀጣሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ የተከለከለ ነው ብሎ ወሰነ። ዛሬም በየቅጥር ማስታወቂያው የምናየውን «ቢያንስ 10 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል መስፈርት በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። ሥራው በእርግጥ 10 ዓመት ይጠይቃል? ወይስ ቁጥሩ ካለፈው ማስታወቂያ ላይ ተገልብጦ ነው?

ከየት እንጀምር?

ከፖሊሲ ሰነድ አይጀመርም። በመጀመሪያ ያለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የቅጥር፣ የዕድገት፣ የደመወዝ ጭማሪና የስንብት መዝገብ ይውጣ፤ በየደረጃው ማን አመለከተ፣ ማን ለፈተና ተጠራ፣ ማን ተቀጠረ፣ ማን አደገ፣ ማን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ የሚለው ጎን ለጎን ይታይ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ችግሩ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው እርሱ ነው። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሴት አመልካች ስለማይመጣለት ይቸገራል፤ ሌላው አመልካቾች በብዛት እየመጡለት በቃለ መጠይቅ ላይ ይጥላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ ቀጥሮ በሁለተኛው ዓመት ያጣቸዋል። ሦስቱ የተለያየ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያው የሚለጠፍበትን ቦታ፣ ሁለተኛው የፈታኞቹን አሠራር፣ ሦስተኛው የቅርብ ኃላፊዎችን ጠባይ መመርመር ይኖርበታል።

መዝገቡ ሲሰበሰብ የሠራተኞችን ግላዊ መረጃ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሃይማኖትን፣ የጤና ሁኔታንና የመሳሰለውን ሠራተኛው በፈቃዱ ካልሰጠ በቀር አይጠየቅም፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበት ክፍል ውጤትም ማንነታቸው በሚታወቅበት መልክ አይወጣም።

በቅጥር ላይ በተግባር ምን እንቀይር?

እዚህ ላይ ጥቂት ዘርዘር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በትንሽ ወጪ ብዙ ለውጥ የሚገኘው በዚህ ምዕራፍ ነው። መነሻው የሥራ መዘርዝሩ ነው። «ግድ የሚያስፈልግ» እና «ቢኖር የሚመረጥ» የሚባሉት ችሎታዎች ተለይተው ካልተጻፉ፣ ፈታኙ በልቡ የያዘውን መስፈርት ያመጣል። ማስታወቂያው ደግሞ ከተለመደው ቦታ ውጭ መድረስ አለበት። በነባር ሠራተኞች ጥቆማ ብቻ የሚቀጥር ድርጅት ባለበት እየረገጠ ይቀራል፤ ሰው የሚጠቁመው አብሮት የተማረውን፣ ጎረቤቱን ወይም ዘመዱን ነውና።

ቀጥሎ ያለው ቃለ መጠይቁ ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል ማቅረብ፣ ጥሩ መልስና ደካማ መልስ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ መጻፍ፣ ነጥቡንም ለየጥያቄው መስጠት፣ ፈታኙ በመሰለው መንገድ ከሚያካሂደው ጨዋታ ይልቅ የወደፊቱን የሥራ ብቃት በተሻለ እንደሚተነብይ የሙያው ምርምር ለረዥም ዘመን ሲያረጋግጥ ቆይቷል።

እኔ ራሴ አባል በሆንኩበት አንድ የቅጥር ኮሚቴ የሆነውን ልናገር። አራት ሆነን ተወዳዳሪዎቹን ጠይቀን እንደጨረስን፣ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ሁለተኛው ልጅ ጥሩ ነው፤ ከእኛ ጋር ይግባባል» አለ። የነጥብ መስጫው ቅጽ በዚያን ሰዓት በሁላችንም ፊት ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተሞላው ነጥብ ሁሉ፣ የእኔም ጭምር፣ ወደዚያ አስተያየት ያዘነበለ ሆነ። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣችው ተወዳዳሪ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ተባለች፤ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ግን በራስ መተማመን የሚል መስፈርት አልነበረም። በሚቀጥለው ቅጥር የለወጥነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ፈታኝ አንድ ቃል ከመነጋገራችን በፊት ቅጹን ሞልቶና ፈርሞ ለጸሐፊው እንዲያስረክብ ተደረገ። በዚያ ቀን በአንዲት ተወዳዳሪ ላይ የሰጠነው ነጥብ ከ42 እስከ 78 ተራርቆ ሲገኝ ሁላችንም ደነገጥን፤ እውነተኛው ውይይት የተጀመረውም ከዚያ ነው።

«ከእኛ ጋር ይግባባል» ወይም «አይገጥመንም» የሚለው አነጋገር በማንኛውም የቅጥር ቃለ ጉባኤ ላይ ሲገኝ ሊያስጠነቅቅ ይገባል። የሥራ ባሕል መለካት የለበትም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ባሕሉ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥና ተወዳዳሪው በእርሱ ይጠየቅ። ካልተጻፈ የሚለካው መመሳሰል ይሆናል።

ምርጫውን ለኮምፒዩተር ብንሰጠውስ? ከአድልዎ ነጻ አይሆንም?

በራሱ አይሆንም። አማዞን ማመልከቻዎችን ደረጃ የሚያወጣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ሲሞክር፣ መሣሪያው የተማረው ኩባንያው በ10 ዓመት ውስጥ ከተቀበላቸው፣ በአብዛኛውም ከወንዶች ከመጡ ማመልከቻዎች ስለነበር፣ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለባቸውን ማመልከቻዎች ዝቅ አድርጎ መመዘን እንደ ጀመረ በ2018 በዜና ወጣ፤ ኩባንያውም ሥራውን አቋርጦት ነበር። ማሽኑ ያለፈውን አሠራር በትጋት ይደግማል። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገዛ ድርጅት፣ ማን ተጣለ የሚለውን በየጊዜው በሰው ዓይን የሚመረምር ኃላፊ ሊመድብለት ይገባል።

የደመወዝ ልዩነት መኖሩን እንዴት እናውቃለን?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1951 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 100 ላይ የሰፈረው መርሕ «እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ» የሚል ነው። ቃሉን ልብ ማለት ያሻል፤ የሚነጻጸረው ተመሳሳይ ስም ያለው ሥራ ብቻ ሳይሆን በሚጠይቀው ችሎታ፣ ድካም፣ ኃላፊነትና የሥራ ሁኔታ የሚመጣጠን ሥራም ጭምር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ ምዘና ተደርጎ ሥራዎቹ በደረጃ ይመደባሉ፤ ከዚያ በአንድ ደረጃ ያሉ ሰዎች መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበልና ጉርሻ ለየብቻ ይነጻጸራል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚደበቀው በመሠረታዊ ደመወዙ ሳይሆን በአበሉና በትርፍ ሰዓት ምደባው ነው።

የልዩነቱ አንዱ ምንጭ «አሁን ስንት ይከፈልዎታል?» የምትለው ጥያቄ ናት። ቀድሞ በሠራበት ቦታ ሲበደል የኖረ ሰው በዚህች ጥያቄ በደሉን ተሸክሞ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደመወዝ ግልጽነት መመሪያ ቀጣሪዎች ይህን እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ አመልካቹም የመነሻውን ደመወዝ ወይም እርከኑን አስቀድሞ የማወቅ መብት እንዲኖረው ያዛል። አይስላንድ ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች እኩል ክፍያ መፈጸማቸውን በምስክር ወረቀት እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። ብሪታንያ ደግሞ ከ2017 ወዲህ 250 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለውን የክፍያ ልዩነት በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ታስገድዳለች። ሕግ ባያስገድድም የደመወዝ እርከንን ለሠራተኛው ማሳወቅ የሐሜትን በር ይዘጋል።

ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚደረገው ማመቻቸት ወጪው አይከብድም?

አንዳንዱ ይከብዳል፤ አብዛኛው ግን አይከብድም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት አለበት፤ ብዙው ጉዳት ደግሞ ከውጭ አይታይም። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መንፈግ ራሱ አድልዎ መሆኑን ይደነግጋል፤ «ተመጣጣኝ» የተባለውም በቀጣሪው ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም የማይጭን መሆኑን ለማመልከት ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። የመስማት ችግር ያለባትና የሰው ከንፈር እያነበበች ስብሰባ የምትከታተል ባልደረባ አለች እንበል። ሰብሳቢው ሁልጊዜ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቀመጥ ብርሃኑ ከኋላው ይመጣና ፊቱ ይጨልምባታል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ደግሞ የትኛውን እንደምታይ ግራ ይገባታል። መፍትሔው የሰብሳቢውን ወንበር ወደ ማዶ ማዞር፣ ተናጋሪው እጁን አንሥቶ ተራ እንዲይዝ ማድረግ፣ አጀንዳውንም ከአንድ ቀን በፊት መላክ ነው። ከሦስቱ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። ይልቁንም ተራ መጠበቁ የሌሎቹንም ስብሰባ አሳጥሮላቸው ይሆናል።

ማመቻቸት የሚወሰነው ከሠራተኛው ጋር በመነጋገር ነው። «እርሷ ይህን ጉዞ አትችለውም» ብሎ በሌለችበት መወሰን፣ በርኅራኄ የተደረገ ቢሆንም፣ ዕድል መንፈግ ነው።

አንድ ሥልጠና ሰጥተን ነበር፤ በቂ አይደለም?

አይደለም። አሌክሳንድራ ካሌቭ፣ ፍራንክ ዶቢንና ኤሪን ኬሊ የተባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ 708 የአሜሪካ የግል ቀጣሪዎችን የሦስት ዐሥርት ዓመታት መረጃ መርምረው፣ ሴቶችና ጥቁሮች ወደ ኃላፊነት እንዲደርሱ በማድረግ ረገድ ሥልጠና ከደካሞቹ ስልቶች አንዱ ሆኖ አግኝተውታል። የተሻለ ውጤት ያመጣው ጉዳዩን በኃላፊነት የሚይዝ አካል፣ ማለትም ባለሙያ ወይም የሥራ ግብረ ኃይል፣ መሠየም ነበር። ነገሩ አያስገርምም። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም፤ ለሪፖርት ማሟያ የተሰጠ የግማሽ ቀን ሥልጠና ደግሞ ሰዎች ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ ከአንገት በላይ ሆኖ ይቀራል። ሥልጠና የሚጠቅመው ከተለወጠ አሠራር ጋር ሲያያዝ ነው፤ ለምሳሌ አዲሱን የቃለ መጠይቅ ቅጽ ለሚጠቀሙ ፈታኞች ቅጹን በእጃቸው ይዘው ሲሰጥ።

ሠራተኞቻችን በስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላሉ?

ዝምታ ብዙውን ጊዜ ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነው፤ የተናገረ ሰው ምን እንደ ገጠመው ሁሉም አይቷልና «ሆድ ይፍጀው» ይላል። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉት ተመራማሪ በ1990ዎቹ በሆስፒታል ቡድኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች አነስተኛ የመድኃኒት ስሕተት ይኖራቸዋል ብለው ሲጠብቁ የተመዘገበው ስሕተት በልጦ ተገኘባቸው። ማብራሪያው በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ ሰዎች ስሕተትን ሳይፈሩ ይናገሩ ስለነበር ነው የሚል ሆነ። ስለዚህ ቅሬታ የማይቀርብበት መሥሪያ ቤት ሰላም ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሰብሳቢው ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። የራሱን አቋም መጨረሻ ላይ ይናገር፤ እርሱ ከጀመረ ውይይቱ ያበቃል። አንዲት ባልደረባ ያቀረበችው ሐሳብ ሰሚ አጥቶ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ሲደግመው ጭብጨባ ቢያገኝ፣ «ይህን ቀደም ሲል እርሷ አንሥታው ነበር» ብሎ ሐሳቡን ለራሷ ይመልስላት። ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የሽኝት መዋጮ መሰብሰብ፣ አዲስ ገቢውን ክፍል ለክፍል ማዞር የመሳሰሉት ሥራዎችም ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቁ በተራ ይመደቡ። እነዚህ ሥራዎች አስፈላጊ ሆነው ሳለ በአፈጻጸም ምዘና ላይ ነጥብ የላቸውም፤ ማን እንደሚሠራቸው ለማወቅ ያለፉትን 10 ቃለ ጉባኤዎች ገልጦ የጸሐፊውን ስም ማየት በቂ ነው።

ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስ ምን እናድርግ?

በ2019 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ጥቃትንና ትንኮሳን የሚያየው በቢሮ ግድግዳ ሳይወስን ነው፤ በሥራ ጉዞ፣ በሥልጠና፣ በሥራ መልእክት ልውውጥ የሚፈጸመውን ይጨምራል፤ ተለማማጆችንና ሥራ ፈላጊዎችንም ይጠብቃል። በተግባር ግን ሕጉ ከሚለው በላይ የሚወስነው የመጀመሪያው ቅሬታ የተያዘበት መንገድ ነው። ቅሬታ የሚቀርብበት በር ቢያንስ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከሆነና እርሱም የቅርብ አለቃው ከሆነ፣ አለቃው ራሱ ተከሳሽ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የመልስ ጊዜው በቀን ተቆርጦ ይታወቅ። አቅራቢውን «ለራስሽ ደኅንነት» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር እርሷን መቅጣት ነው፤ መለያየት ካስፈለገ መጀመሪያ የሚታሰበው የተከሳሹ ዝውውር ሊሆን ይገባል። ተከሳሹም ሳይሰማ አይፈረድበት፤ ይህን የሚዘነጋ አሠራር ነገ በይግባኝ ይፈርሳል፤ በዳዩም ነጻ ይወጣል።

ለአንዱ ወገን ልዩ ድጋፍ ማድረግ በሌላው ላይ አድልዎ አይሆንም?

እውነተኛ ክርክር ያለበት ጥያቄ ነው፤ አገሮችም የተለያየ መልስ ሰጥተውታል። በ1958 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 በሥራና በቅጥር ላይ አድልዎን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 5 ግን የተለየ ጥበቃ ወይም ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ለመርዳት የሚወሰዱ ልዩ እርምጃዎች እንደ አድልዎ ላይቆጠሩ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ኖርዌይ በ2003 ባወጣችው ሕግ በትልልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ውስጥ ከሁለቱም ጾታ ቢያንስ 40 በመቶ እንዲኖር አስገድዳለች፤ ነባሮቹ ኩባንያዎችም እስከ 2008 መጀመሪያ ይህን እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። በአሜሪካ ደግሞ በቅጥር ላይ ዘርን ወይም ጾታን መምረጫ ማድረግ ለማንም ወገን ቢሆን በሕግ ያስጠይቃል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኤምስ የተባለች ሠራተኛ ቀጣሪዋን በከሰሰችበት ጉዳይ በ2025፣ የብዙኃኑ አባል የሆነ ከሳሽ ከሌላው የከበደ የማስረጃ ሸክም እንደማይጫንበት በአንድ ድምፅ ወስኗል። በዚያው ዓመት ጥር ወር ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያሉት የብዝኃነት ፕሮግራሞች እንዲቋረጡ ማዘዛቸውም ይታወቃል።

በእኔ አመለካከት፣ አንድ ድርጅት የአገሩን ሕግ ከጠየቀ በኋላ መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው ክርክር የማያስነሣውን ሥራ መጨረስ ነው፦ ማስታወቂያውን በሰፊው ማሰራጨት፣ ከሥራው ጋር የማይያያዝ መስፈርትን ማውጣት፣ ነጥብ አሰጣጡን ግልጽ ማድረግ። እነዚህ የማንንም ዕድል ለሌላ አይሰጡም። ይህ ሁሉ ሳይሞከር ወደ ኮታ የሚሮጥ መሥሪያ ቤት፣ በኮታው የገባችውን ሠራተኛ «በቁጥር ማሟያ የመጣች» ለሚል ሐሜት አሳልፎ ይሰጣታል።

ብዝኃነት ትርፍ ያሳድጋል የሚባለው እውነት ነው?

እንደሚነገረው እርግጠኛ አይደለም። ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት ከ2015 ጀምሮ ባወጣቸው ሪፖርቶች ብዝኃነት ያለው አመራርና ከፍተኛ ትርፍ አብረው እንደሚገኙ ገልጿል፤ በ2024 የታተመ የሌሎች ተመራማሪዎች ሥራ ግን በትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ላይ ያንን ግንኙነት ደግሞ ሊያገኘው አልቻለም። አብሮ መገኘትም መንሥኤ መሆን አይደለም፤ አትራፊ ኩባንያ በሰፊው ለመቅጠር አቅም ስለሚኖረው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ለቦርድ በትርፍ ተስፋ ብቻ የሚያቀርብ ኃላፊ፣ ትርፉ በቀነሰ ዓመት የሚለው ያጣል። የተሻለው መከራከሪያ ቅርብ ነው፦ ብቁ ሰው በማይረባ ምክንያት አለማጣት፣ የሠለጠነ ሠራተኛ አለመልቀቁ፣ ክስ አለመምጣቱ፣ ለሰው የሚገባውንም ማድረግ።

እኛ 12 ሠራተኞች ብቻ ያሉን ድርጅት ነን፤ ይህ ለእኛ አይከብድም?

አይከብድም፤ ግብረ ኃይልም ሆነ ሪፖርት አያስፈልጋችሁም። በጽሑፍ የተቀመጠ የቅጥር መስፈርት፣ ሁሉም የሚያውቀው የደመወዝ እርከን፣ ከባለቤቱ ሌላ ቅሬታ የሚሰማ አንድ ሰው ይበቃል። በትንሽ ድርጅት ዋናው አደጋ ሁሉም ነገር በቃል የሚወሰን መሆኑ ነው።

ውጤቱን በምን እንለካ?

በተሰጡት ሥልጠናዎች ብዛት አይለካም። በየዓመቱ የሚታዩት መለኪያዎች ጥቂት ይሁኑ፦ በየቅጥሩ ደረጃ የተጣሉት ሰዎች ስብጥር፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ለማደግ የፈጀው ጊዜ፣ በአንድ ደረጃ ያለ የክፍያ ልዩነት፣ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሱት ሴቶች ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ መኖራቸው፣ የቀረቡት ቅሬታዎችና የተፈቱበት ጊዜ። የቅሬታዎቹ ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ሰዎች በሩን ማመን ጀምረው ይሆናል።

ከእነዚህ ጋር የሚለቁት ሰዎች ቃል ይጨመር። በመጨረሻው የሥራ ቀን የሚደረገው የስንብት ቃለ መጠይቅ እምብዛም እውነቱን አያወጣም፤ ሰውየው ገና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን አልተቀበለም፤ አለቃውንም ነገ ለምስክርነት ይፈልገዋል። ስለዚህ «የተሻለ ዕድል አግኝቼ ነው» ብሎ ይፈርምና ይወጣል። ደብዳቤው ከተሰጠው ከሦስት ወር በኋላ፣ የቅርብ አለቃው ያልሆነ ሰው ስልክ ደውሎ ያንኑ ጥያቄ ቢጠይቀው ግን መልሱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «እንግዲህ አሁን ከጠየቅከኝማ» በሚል ነው።